ማኑዋል ልግዛ ወይስ አውቶማቲክ? መኪናው አንድ፣ ካምቢዮው ሁለት

ሁለተኛ_ማርሽ፦

ሰላም ወገኖች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሀዩንዳይ አይ30 ኤን ልገዛ ነው። ያገለገሉ ሁለት መኪኖች አግኝቻለሁ። የተመረቱበት ዓመት አንድ ነው፣ የሄዱት ኪሎ ሜትር ተቀራራቢ ነው፣ የሁለቱም ሞተር 280 ፈረስ ጉልበት ነው። አንደኛው ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል፣ ሌላው ባለ 8 ማርሽ፣ ባለሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ።

ፋብሪካው ከ0 እስከ 100 ለማኑዋሉ 5.9 ሰከንድ፣ ለአውቶማቲኩ 5.4 ሰከንድ ይላል። ይቺ ግማሽ ሰከንድ ለኔ ምን እንደምትፈይድ ነው ያልገባኝ። ሥራ የምመላለሰው በሌላ መኪና ነው። ይሄኛው የእሁድ ጠዋት መኪና ነው። ኩርባ የበዛበት መንገድ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ የመኪና ውድድር ትራክ። መንዳት የተማርኩት በማኑዋል ነው፣ እጄም የለመደው እሱን ነው። ግን ባለሁለት ፍሪሲዮኑን ለ10 ደቂቃ ነድቼው ስወርድ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የትራክ_ልጅ፦

ወንድሜ፣ በፍጥነት በኩል ከሆነ ክርክሩ ካለቀ ቆየ። በ1989 ፌራሪ 640 ከመሪው ጀርባ ባለ ማንሻ ማርሽ የሚቀየርለት ሆኖ መጣና የመጀመሪያ ውድድሩን ብራዚል ላይ አሸነፈ። የነዳው ናይጀል ማንሰል ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፎርሙላ 1 በሙሉ ወደዚያው ዞረ። የመንገድ መኪናውም ተከተለ። ፌራሪ በ1997 ኤፍ355 ላይ አወጣው። ፎልክስቫገን በ2003 ባለሁለት ፍሪሲዮኑን ጎልፍ አር32 ላይ ገጠመ። ኒሳን ጂቲ-አር በ2007 ሲወጣ ማኑዋል የሚባል ምርጫ ጭራሽ አልነበረውም። የኮርቬት 8ኛው ትውልድም ማኑዋሉን ትቶታል።

እኔ ትራክ ላይ ለዓመታት ማኑዋል ነዳሁ፣ አሁን ባለሁለት ፍሪሲዮን ነው የያዝኩት። ትልቁ ትርፌ ሰዓቱ አይደለም። ዓይኔ ነው። ድሮ ፍሬን ስይዝ ግማሽ ሐሳቤ ማርሹ ላይ ነበር። አሁን ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ናቸው፣ ዓይኔ የኩርባውን መውጫ ቀድሞ ይፈልጋል። ፍሬን የት እንደምጀምር፣ ጎማው የት እንደሚለቅ በደንብ ያወቅኩት ማርሹን ካስረከብኩ በኋላ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ትራክ ለሚወጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ባለሁለት ፍሪሲዮኑን ውሰድ።

ዘጠኝ_ሺህ_ዙር፦

የትራክ ልጅ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ሰውየው የነገረን የእሁድ ጠዋት መኪና እንደሚፈልግ ነው። ውድድር አይገባም።

ፖርሽ በ2013 የወጣውን 911 ጂቲ3 በባለሁለት ፍሪሲዮን ብቻ ሸጠው። ፈጣን ነው፣ ሰዓቱ ይመሰክራል፣ ማኑዋል ለምን ያስፈልጋል ብለው ነበር። ገዢው ግን አልተዋጠለትም። በ2016 911 አርን 991 ፍሬ ብቻ አወጡ። በሙሉ ማኑዋል ነው፣ በሙሉ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ጂቲ3 ላይ ማኑዋል ምርጫ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በመጣው ጂቲ3 ላይ ከ0 እስከ 100 ማኑዋሉ 3.9፣ አውቶማቲኩ 3.4 ሰከንድ ነው። ያው ያንተው ግማሽ ሰከንድ ነች! ያንን እያዩ ማኑዋሉን የሚያዙ ሰዎች ሒሳብ ጠፍቷቸው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ካምቢዮ ስትመርጥ ካምቢዮ ብቻ አይደለም የምትመርጠው። ቢኤምደብሊው ኤም3ን ተመልከት። ማኑዋሉ 480 ፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር ነው። አውቶማቲኩ ኮምፒቲሽን 510 ፈረስና 650 ኒውተን ሜትር። ማኑዋሉ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚነዳው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ከፈለግህ የግድ አውቶማቲክ ትወስዳለህ። ያንተ ላይ ደግ ነው፣ ሞተሩ ያው ነው።

ማርሹ ምን ያህል ረጅም እንደሆነም እይ። ፖርሽ 718 ኬይማን ጂቲ4 ማኑዋሉ እጅ ላይ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ግን 2ኛ ማርሽ ብቻውን ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በሕጉ ሄደህ በአንድ ማርሽ ጠዋቱ ያልፋል። ማርሽ ለመቀየር ብለህ ማኑዋል ገዝተህ የምትቀይርበት አጋጣሚ ካጣህ ምን ዋጋ አለው? ስትሞክረው 2ኛ እና 3ኛ የት የት ላይ እንደሚያልቁ ቁጠር።

ቮላኖ፦

ልጄ ሁለተኛ ማርሽ፣ ካምቢዮ ስፈታና ስገጥም ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። መጀመሪያ፣ «አውቶማቲክ» የምትሉትን አንድ ዕቃ አድርጋችሁ አትዩት። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዱ ማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በሰው እግር ፋንታ ኮምፒውተር የሚይዝለት ነው። የቢኤምደብሊው የድሮው ኤስኤምጂ እንደዚያ ነበር። ፍሪሲዮኑ አንድ ስለሆነ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቱ ይቋረጣል፣ ተሳፋሪው ወደ ፊት ጎንበስ ወደ ኋላ ቀና ይላል። ሁለተኛው ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው። መኪናው ሲነሳ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ዘይት ነው፣ የሚፋተግ ሸራ የለም። ስለዚህ ትራፊክ ውስጥ መንፏቀቅ ብዙም አይጎዳውም። ድሮ ዘገምተኛ ነበር፣ ዛሬ ግን አይደለም። የአሁኑ ኤም3 ራሱ ባለሁለት ፍሪሲዮኑን ትቶ ወደዚህ ዞሯል። ሦስተኛው ያንተ ነው።

የባለሁለት ፍሪሲዮን አሠራር ደስ ይላል። አንዱ ፍሪሲዮን 1ኛን፣ 3ኛን፣ 5ኛን፣ 7ኛን ይይዛል። ሌላው 2ኛን፣ 4ኛን፣ 6ኛን፣ 8ኛን። በ3ኛ እየሄድክ ነዳጅ ስትሰጥ 4ኛ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቅሃል። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይቀበላል፣ በመሃል ጉልበት አይቋረጥም። ያቺ የምታሳስብህ ግማሽ ሰከንድ በአብዛኛው ከዚህ ነው የምትመጣው። ሲነሳም ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑን ከሰው እግር በተሻለ ይለካል።

ችግሩ ግምቱ የሳተ ጊዜ ነው። 4ኛን አዘጋጅቶ ሳለ አንተ ድንገት ፍሬን ረግጠህ 2ኛን ብትጠይቀው፣ ሁለቱም ያሉት በአንድ ፍሪሲዮን ስር ነው። 4ኛን አውጥቶ 2ኛን ማስገባት አለበት። ያቺን መዘግየት በደንብ ካዳመጥክ ትሰማታለህ።

የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ሳትይዝ በነዳጅ ብቻ መኪናውን ቀጥ አድርገህ ስታቆም ፍሪሲዮኑ በግማሽ ይዞ ይንሸራተታል። ማኑዋል ላይ እንዲህ ብታደርግ ሽታው ቶሎ ይነግርሃል፣ እግርህም ይደክማል። አውቶማቲኩ ላይ እግርህ ምንም አይሰማውም፣ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ይፈጀዋል። ያንተው ዘይት ውስጥ የሚሠራ ዓይነት ነው፣ ከደረቁ ዓይነት ሙቀት በደንብ ይችላል። ግን ዘይቱ በጊዜው መቀየር አለበት። የተቀየረበትን ወረቀት ሳታይ እንዳትገዛ።

ግራ_እግር፦

እኔ ከአፍቃሪዎቹ ወገን ነበርኩ። ከማኑዋል ሌላ መኪና አልነካም የምል ሴት ነበርኩ። ከዚያ የግራ ቁርጭምጭሚቴ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከስድስት ወር በኋላ ፍሪሲዮን መርገጥ ቻልኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስነዳ ግን እግሬ ያብጣል። መኪናዬን የሸጥኩ ቀን አልቅሻለሁ።

አሁን ባለሁለት ፍሪሲዮን ነው የምነዳው። አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። መንዳት አልቀረብኝም። አውቶማቲኩን ዲ ላይ ትቼ አልሄድም፣ በማንሻው ራሴ ነው የምቀይረው። ኩርባው ሳይደርስ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጌ አወርዳለሁ፣ ሞተሩ ራሱ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይቀበላል። የመቼ እና የስንተኛ ውሳኔው የኔ ነው። እጄ የሚሠራው ብቻ ነው የቀነሰው። ካገገምኩ በኋላ ደግሞ ሥራ የፈታው ግራ እግሬ ፍሬን መያዝ ተማረ። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዱት። ፍሪሲዮን የለመደ እግር ፍሬኑን በኃይል ነው የሚደፍቀው። አንዳንድ መኪና ደግሞ ፍሬኑንና የነዳጅ ፔዳሉን አንድ ላይ ስትረግጡ ነዳጁን ይቆርጣል።

«አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው መንዳት አይወድም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እዚህ ማንም አላለም፣ ግን ከመባሉ በፊት ልበል።

እንደገና_ማኑዋል፦

እህቴ፣ እንኳን አገገምሽ። እንደዚያ የሚል ካለ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።

ማንም ያላነሳውን ነገር ላንሳ። ማኑዋል ሞተር መግደል ይችላል። እኔ ገድዬበታለሁ።

ትራክ ላይ ነበርኩ። ረጅም ቀጥታ መንገድ፣ 3ኛ ማርሽ፣ ወደ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት። 4ኛ ላስገባ ዘንጉን ወደ ኋላ ሳብኩ። ወደ ኋላ ብቻ መሳብ ነበረብኝ። መኪናው ትንሽ አጋድሎ ስለነበር ክንዴም አብሮ አጋደለ፣ ዘንጉን ወደ ራሴ ጎተትኩት። 2ኛ ገባ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ።

ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የኋላ ጎማዎቹ ጮኹ፣ መኪናው ሊዞር ቃጣው። የዙር መቁጠሪያው ከቀዩ አልፎ መጨረሻው ላይ ተኛ። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ኳ ኳ አለ፣ ወዲያው ጸጥታ ሆነ።

ሒሳቡ ይሄ ነው። የኔ መኪና 2ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር፣ 105 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። በ150 ሲገባ ጎማው ሞተሩን ወደ 10,000 ዙር ይጎትተዋል። የዙር መገደቢያው ነዳጅ ከመቁረጥ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም፣ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ መሆኑ ቀርቷል። የሚያዞረው ጎማው ነው። ቫልቮቹ በጊዜ መዘጋት አቃታቸው፣ ፒስተኖቹ ከታች መጥተው መቷቸው። አራት ቫልቭ ተጣመመ፣ አንድ ፒስተን ተሰነጠቀ። ባለሁለት ፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ ጥያቄዬን አልቀበልም ብሎ 3ኛ ላይ ይቆይ ነበር።

ሞተሩን አሠራሁት። ካምቢዮውን ግን አልቀየርኩም፣ ዛሬም ማኑዋል ነው የምነዳው። አሁን 3ኛን ወደ 4ኛ ስቀይር ዘንጉን በመዳፌ ከጎን እየገፋሁ እንጂ ጨብጬ አልጎትትም። መዳፍህን ወደ አንተ ሳይሆን ወደ ተሳፋሪው አዙረህ ግፋው። ትራክ ልትወጣ ከሆነ ይቺን ቤትህ ቆመህ ተለማመዳት።

ሁለተኛ_ማርሽ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሽ ቮላኖ፣ የእርስዎን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ግራ እግር፣ ያንቺ ጽሑፍ አስደንግጦኛል። ለካ ነገሩን «መንዳት ወይስ አለመንዳት» አድርጌው ኖሯል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ማርሽ ሳወርድ የሞተሩ ዙር እንዲገጥም ፍሬን እየያዙ በዚያው እግር ነዳጅ መንካት አሁንም አይሆንልኝም። ማኑዋሉ ላይ መሪው ላይ ይህንን በራሱ የሚሠራ የዙር ማመጣጠኛ ቁልፍ አለ። እሱን መጠቀም ማጭበርበር ነው?

ዘጠኝ_ሺህ_ዙር፦

ምን ማጭበርበር አለው። ኒሳን 370ዜድ ላይ ካመጣው ጊዜ ጀምሮ ስንቱ ተጠቅሞበታል። ግን እየዘጋኸው ተለማመድ፣ ምክንያቱም ያ ነገር ሲሳካ ያለው ደስታ ሌላ ነው።

እንዲህ ነው። የቀኝ እግርህ ፊት፣ ከአውራ ጣትህ ስር ያለው ሥጋ፣ ፍሬኑ ላይ ይጫናል። ግፊቱ አይለወጥም። ግራ እግርህ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ እጅህ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ያወርዳል። በዚያችው ቅጽበት የቀኝ እግርህ ጎን ተጠማዝዞ ነዳጁን አንዴ ቸብ ያደርጋል። ዙሩ ከፍ ሲል ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ። ከገጠመ ምንም አይሰማህም፣ መኪናው ዝም ብሎ በዝቅተኛው ማርሽ ይገኛል። ካልገጠመ አንገትህ ያውቀዋል።

የጀማሪ ስህተት ነዳጁን ሲነካ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። ሲሞክሩት መጀመሪያ የሚበላሸው ፍሬኑ ነው። እና አስቀድመህ ፍሬኑና ነዳጁ በከፍታ ተቀራራቢ መሆናቸውን እይ። በቀስታ ስትነዳ ፍሬኑ ብዙ ስለማይወርድ ነዳጁ ይርቅብሃል። ኃይለኛ ፍሬን ላይ ነው የሚመቸው።

የትራክ_ልጅ፦

አሁንም ምክሬን አልለወጥኩም። ግን ማኑዋሉን ከወሰድክ ለመጀመሪያው ትራክ ቀን ቁልፉን አብራው። ለአንድ ቀን የምትማረው አንድ ነገር ይሁን። መንገዱን ተማር፣ እግርህን በሌላ ቀን ታስተምረዋለህ።

ጸጥታ፦

እኔ ኤሌክትሪክ ነጂ ነኝ፣ ጥግ ቆሜ ነው የማነበው። የራሱ የሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የሚቀየር ማርሽ ሳይኖረው ማርሽ ያለው እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። ማንሻውን ስትስብ ይገፋሃል፣ ድምፅም አለው። ኮኒግሴግ ደግሞ ሲሲ850 ላይ አንዱን ካምቢዮ ሲፈልጉ ማኑዋል፣ ሲፈልጉ አውቶማቲክ አድርጎታል። ሰው ማርሽ መቀየር ካልናፈቀው ይሄ ሁሉ ድካም ለምን መጣ? ሁለተኛ ማርሽ፣ ስምህን ራሱ ያወጣኸው ከማርሽ ነው።

ሁለተኛ_ማርሽ፦

ቅዳሜ ሁለቱንም አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነዳኋቸው። ወስኜ ነበር፣ ማኑዋሉን። ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። አውቶማቲኩን ነድቼ ስወርድ የማስታውሰው ፍጥነቱን ነው። ማኑዋሉን ነድቼ ስወርድ ግን የማስታውሰው አንዲት ኩርባ ነች። ግራ የምትታጠፍ፣ መሃሏ ላይ የምትጠብ። 2ኛን አስገብቼ ስገባባት ሁሉም ነገር ልክ መጣ። እቤት ገብቼም እጄ ያንን እንቅስቃሴ ሲደግም ነበር።

ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። 5ኛ ላይ ሆኜ ዳገት ስወጣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ዙሩ ሽቅብ ወጣ፣ ፍጥነቱ ግን አልጨመረም። ሻጩ «እንደዚህ ነው ባህሪው» አለኝ። ጋሽ ቮላኖ፣ መኪናውን ልተወው?

ቮላኖ፦

ባህሪ አይደለም። ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ እየተንሸራተተ ነው። መኪናውን ግን አትተወው።

ፍሪሲዮን እንደ ጎማ ነው፣ ያልቃል፣ ይቀየራል። ዋናው የቀረው ጤነኛ መሆኑ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ፈጠን አድርገህ አውርድ። ከተንጫጫ ሲንክሮናይዘሩ፣ ማርሾቹ ሲገቡ ፍጥነታቸውን የሚያስማማው ቀለበት፣ ተበልቷል፣ ያ ካምቢዮ ያስፈታል። ከዚያ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅና አድምጥ። ስትለቀው የሚጮኽ፣ ስትረግጠው ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው ውስጥ ኩሺኔታ ነው፣ ተጠንቀቅ። ስትረግጠው ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሺኔታ ነው፣ እሱ ከፍሪሲዮኑ ጋር አብሮ ይቀየራል።

ሁለቱም ሰላም ከሆኑ የፍሪሲዮኑን ሙሉ ሥራ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ቮላኖውም፣ ፍሪሲዮኑ የሚጣበቅበት ከባዱ የሞተር ጎማ፣ ይታይ። የተቃጠለ ወይም የላላ ከሆነ አብሮ ይቀየር፣ ሁለት ጊዜ አታስወርድ። ለመሆኑ የአውቶማቲኩን የዘይት ወረቀት አሳዩህ?

ሁለተኛ_ማርሽ፦

አላሳዩኝም። «ዕድሜ ልኩን ዘይት አይፈልግም» ነው ያሉኝ። ሞቆ ሳለ ወደ ኋላ ዳገት በቀስታ ሳስወጣው ደግሞ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቮላኖ፦

እንግዲያው መልሱን አግኝተሃል። አንዱ ላይ ያለቀውን ነገር በስሙ ታውቀዋለህ። ሌላው ላይ ምን እንዳለቀ ሳይከፈት አይታወቅም።

ሁለተኛ_ማርሽ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ማኑዋሉን ገዛሁት። 2ኛ ቀዝቅዞም ያለ ድምፅ ይገባል፣ ኩሺኔታውም ዝም ያለ ነው። ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ተቀየሩ። የድሮውን ሸራ እጄ ላይ ሰጡኝ፣ ማሰሪያ ምስማሮቹ ሊነኩ ፀጉር ነው የቀራቸው። አዲሱ የሚይዘው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ግራ እግሬ ቦታውን እንደ አዲስ እየተማረ ነው። ዘንጉን ደግሞ በመዳፍ ነው የምገፋው፣ እንደገና ማኑዋል እግዜር ይስጥህ። እሁድ ወደዚያች ኩርባ ልሄድ ነው።

ቮላኖ፦

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ሂድ፣ ግን በቀስታ። አዲስ ፍሪሲዮን የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ከቆመበት በኃይል መነሳት አይወድም። ትራኩን ከዚያ በኋላ አድርገው።

ግራ_እግር፦

ስለ ኩርባዋ ተመልሰህ ጻፍልን። እኔም መንገዴ ላይ እንደሷ ያለች አንዲት አለችኝ፣ በማንሻ 2ኛን አስገብቼ ነው የምገባባት።